ነጃሺ በራሱ ላይ የፈረደ ንጉሥ



በአሰላም ሆነ በጭላሎ ዙሪያ ባሉት የአርሲ ደጋ መንደሮች ያደጋችሁ ሁሉ የነጃሺን ስም ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሰምታችኋል። ሙሃጂሮችን ያስጠለለ የሐበሻ ንጉሥ መሆኑን ታውቃላችሁ። ልቡ ሐቅን ለመቀበል እንዴት እንደተዘጋጀስ አስተውላችኋልን?

ከእናታችን ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተይዞ በኢብን ኢስሐቅ ሲራ እንደሰፈረው፣ የነጃሺ አስሐማ አባት ንጉሥ ነበር። ሹማምንት አባቱን ገድለው አጎቱን አነገሡ። ልጁ በብልህነቱ በአጎቱ ዘንድ ሲወደድ፣ የአባቱን ደም እንዳይበቀላቸው ፈሩ። አጎቱንም አስጨንቀው ልጁን ለአንድ ነጋዴ በ600 ዲርሃም አሸጡት። በዚያው ምሽት አጎቱን መብረቅ ገደለው። ከአጎቱ ልጆች ለዙፋን የሚበቃ ስለጠፋ ሹማምንቱ የሸጡትን ልጅ ከነጋዴው ነጥቀው አነገሡት። ነጋዴው ገንዘቡን ቢጠይቅ ከለከሉት፤ ወደ ንጉሡም አቤት አለ። ንጉሡ፣ ባሪያው እርሱ ራሱ መሆኑን እያወቀ፣ ወይ ገንዘቡ ወይ ባሪያው ለነጋዴው እንዲሰጥ ፈረደ።

በ615 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ሶሐቦች ወደ አገሩ ተሰደዱ። ቁረይሾችም ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ላኩ። ሹማምንቱ ስጦታቸውን ወስደው ስደተኞቹ ይመለሱ አሉ። ነጃሺ ግን ቃላቸውን ሳይሰማ አሳልፎ አልሰጥም አለ። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ከሱረቱ መርየም ሲያነብ ጺሙ እስኪርስ አለቀሰ። በማግስቱ ዐምር በዒሳ (ዐ.ሰ.) ጉዳይ ከሰሳቸው። ጀዕፈርም ሳይሸሽግ ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ መሆናቸውን ተናገረ። ነጃሺ ሹማምንቱ እያጉረመረሙ ይህ እውነት ነው ብሎ አጸና፤ ስጦታውንም መለሰ።

ወገኖቼ፣ ተሸጦ ያየ ሰው ሌላውን አልሸጠም። መከራ ብቻውን ግን ልብን አያቀናም፤ ተበድሎ በዳይ የሚሆን ስንት አለ! ነጃሺን ያዘጋጀው በራሱ ላይ ሳይቀር በእውነት መፍረዱ ነው። እኛስ የእህታችንን የውርስ ድርሻ ስናካፍል፣ የማሳ ድንበር ስንለይ፣ ገበያ ላይ እህል ስንሰፍር፣ እውነቱ በእኛ ላይ ሲሆን እንቀበለዋለንን? በትንሹ ራሱን የሚያታልል ሰው ታላቁ ሐቅ ሲመጣ በምን ልቡ ያውቀዋል?

ነጃሺ በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ሲሞት፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ሶሐቦችን አሰልፈው በሩቁ የጀናዛ ሶላት ሰገዱለት። አላህ እኛንም በነፍሳችን ላይ እውነት ከሚናገሩት ያድርገን። አሚን።