ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፤ ስማቸውን በአዲስ አበባ ያገኙ ሰው

በአገራችን ልማድ ሰው ሲሞት ሠልስቱ፥ አርባው፥ ሰማንያው፥ ሙት ዓመቱ ይታሰባል። ዐቅም ያለው ቤተ ሰብ እስከ ሰባተኛው ዓመት ድረስ ተዝካር ያወጣል። ከዚያ በኋላ ግን ሟቹን የሚያነሣው የቅርብ ዘመዱ ብቻ ነው፤ እርሱም በተራው ሲያልፍ ነገሩ ያበቃል። በዚህች በአዲስ አበባ ኖረው፥ ሠርተው፥ እዚሁ የሞቱ ስንት ሰዎች በዚህ ዐይነት ከነሥራቸው እንደ ተረሱ ማን ቆጥሮ ይጨርሳቸዋል? ስማቸው እንኳ ሳይጠፋ የቀረው ቢሆኑ፥ ስሙን እንጂ ሰውየውን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሐኪም ወርቅነህ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ፥ ማን እንደ ነበሩ ብጠየቅ መጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ናቸው ከማለት በቀር የምጨምረው አልነበረኝም።

እርሳቸውን መርጬ የማነሣበት ምክንያት አለኝ። ነገራቸው የተማሪ ነገር ነው። ከመካከላችን ለትምህርት ባሕር ማዶ የሚሻገር ብዙ ነው፤ የሚመለሰውና የማይመለሰውም ሁልጊዜ ያከራክረናል። እኒህ ሰው ግን ከአገራቸው የወጡት ወድደው አልነበረም፤ የተመለሱት ግን ወድደው ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግመው።

የተወለዱት በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ነው። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲገድሉ፥ ሕፃኑ ወርቅነህ ገና ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላው ሆኖ እዚያው አምባ ላይ ነበር። በዚያ ግርግር ከወላጆቹ ተለየ። ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ ኮሎኔል አገኘውና ጦሩ ሲመለስ ይዞት ወደ ሕንድ ሄደ። በዚያው ዘመቻ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም ተወስዶ እንደ ነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ልዑሉ አገሩን እንደ ናፈቀ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንድሶር ተቀበረ። የልዑሉን ታሪክ ብዙ ሰው አንብቦ አልቅሶበታል። ከዚያው አምባ የተወሰደው ሌላው ሕፃን ግን ልዑል ስላልነበረ የሚያለቅስለት አልነበረውም።

ኮሎኔል ቻምበርሌን ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁም ከአንዱ የመጀመሪያውን፥ ከሌላው የኋለኛውን ስም ወስዶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በፑንጃብ በሚሲዮን ትምህርት ቤቶች አደገ፤ አማርኛው ጠፋ፤ የአባቱ ስም ጠፋ፤ ወርቅነህ የሚለው ስሙም ከትዝታው ወጣ። የቀረው ነገር ኢትዮጵያዊ መሆኑን ማወቁ ብቻ ነበር። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የኋላ ሕይወቱን ሁሉ የመራችው ይህች አንዲት ዕውቀት ናት።

ቻርልስ ማርቲን በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ተምረው በ1874 ዓ.ም. ተመረቁ። (ከዚህ ጀምሮ አንቱ ልበላቸው፤ ሐኪም ሆነዋልና።) በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በሕንድ ሠሩ፤ ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ትምህርታቸውን ጨመሩ፤ ከዚያም እንግሊዞች ባቀኗት በበርማ በሐኪምነት ተመደቡ። እንግዲህ አስቡት፤ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው፥ ደህና ደመወዝ ያላቸው፥ ጡረታቸው የሚጠብቃቸው፥ እንግሊዝኛ እንደ እንግሊዞች የሚናገሩ ሰው ናቸው። የሌላውን አገር ሕዝብ ለሚገዛ መንግሥት ማገልገላቸው ዛሬ ለእኛ የሚከብድ ነገር ነው፤ በዚያን ጊዜ እርሳቸውን ምን ያህል እንደ ከበዳቸው ግን ለመፍረድ አልደፍርም። ያሳደጋቸውም፥ ያስተማራቸውም፥ ከእናታቸው የነጠላቸውም ያው መንግሥት ነበር።

በ1888 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዐድዋ ድል ነሣች። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ቻርልስ ማርቲንም ይህች ድል ያደረገች አገር አገሬ ናት ብለው ተነሡ፤ ፈቃድ ወስደው በገዛ ገንዘባቸው በሐረር በኩል አድርገው በ1891 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ገቡ። ከተማይቱ በዚያን ጊዜ ከተቈረቈረች ብዙ ዓመት አልሆናትም፤ እርሳቸውም ድንኳን ተክለው በሽተኛ ማከም ጀመሩ። አማርኛ ስለማያውቁ በአስተርጓሚ ይነጋገሩ ነበር። አገሬ ብለው የመጡበት ሕዝብ መካከል ሆነው፥ በሽተኛው የት ላይ እንደሚያመው እንኳ በሌላ ሰው አፍ መስማት ምን ያህል መራር ነገር እንደ ሆነ፥ ውጭ አገር ያደገ ሰው ሊያስረዳን ይችል ይሆናል።

ከመቅደላ የተወሰደ ሐበሻ ሐኪም መጥቷል የሚለው ወሬ ተዛመተ። ወሬውም አንዲት አሮጊት ዘንድ ደረሰ። እኒህ አሮጊት ልጃቸውን ይዛ መቅደላ የወጣችውን፥ ከዚያም የጠፋውን ሕፃን ሳይረሱ ሠላሳ ዓመት ያህል የኖሩ የሐኪሙ አያት ነበሩ። መጡና በሕፃንነቱ በገላው ላይ የነበረውን ጠባሳ ለይተው ተናገሩ። ሐኪሙ ገላቸውን ቢያሳዩ ጠባሳው እንደ ተባለው ሆኖ ተገኘ። ያን ቀን የአባታቸው ስም እሸቴ፥ የእርሳቸውም ስም ወርቅነህ እንደ ሆነ ተነገራቸው። ዘመድ አዝማድም አገኙ። ሐኪም ወርቅነህ የሚለው ስም የጀመረው እንግዲህ በዚሁ በአዲስ አበባ፥ በድንኳን ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ተረት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በደስታ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ፈቃዱ የተወሰነ ነው፤ አገሪቱም ለሐኪም ደመወዝ የምትከፍልበት ሥርዐት ገና አልዘረጋችም። በ1893 ዓ.ም. በሶማሌ ምድር በሰይድ ሙሐመድ ዐብዱላህ ሐሰን ላይ ከእንግሊዞች ጋር ተባብሮ ከዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ጋር በሐኪምነት ወጥተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ በርማ ተመለሱ። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ዳግመኛ መጡ፤ በዚህ ጊዜ የመጡት በአዲስ አበባ ለእንግሊዝ ለጋሲዮን ሐኪም ሆነው ነው። ዐፄ ምኒልክ በጠና ሲታመሙም ከተጠሩት ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። በዚሁ ጊዜ ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። እንደ ገናም ወደ በርማ ሄዱ፤ ጡረታቸው የሚከበርበት ጊዜ እስኪደርስ ጠበቁ፤ በ1911 ዓ.ም. ግድም ጡረታቸውን ይዘው ለመኖር መጡ። አንዳንድ ሰው ይህን የገንዘብ ስሌት ሊነቅፍ ይችላል። እኔ ግን የማደንቀው ይህንኑ ነው። የሰው እጅ ሳያዩ አገራቸውን ለማገልገል ሲሉ ሃያ ዓመት ያህል በባዕድ አገር ደጅ ጸኑ። በስሜት የመጣ ሰው በስሜት ይሄዳል፤ እርሳቸው ግን አስልተው ስለ መጡ ቆዩ።

ከመጡ በኋላ ያልገቡበት ሥራ የለም ማለት ይቻላል። በአገሬውና በውጭ አገር ሰው መካከል የሚነሣውን ክርክር በሚያየው በልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ተቀመጡ። የባርነትን ነገር አጥብቀው ይጠሉ ስለ ነበር፥ ነፃ ለወጡ ባሮች ልጆች ማስተማሪያ እንዲቋቋም ደከሙ። በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በስማቸው ትምህርት ቤት ሲከፍቱ የበላይ ኃላፊነቱ ለሐኪም ወርቅነህ ተሰጠ። በኋላ በዘመነ ደርግ ስሙ ተለውጦ እንጦጦ የተባለው ትምህርት ቤት ይህ ነው፤ ከዚያ ወጥተው በመንግሥት ሥራ ላይ የዋሉትን ቆጥሮ ለመጨረስ ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ከሥራቸው ሁሉ ግን እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ በ1920ው ዓ.ም. አካባቢ በአማርኛ ያሳተሙት የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በአስተርጓሚ ካልሆነ በሽተኛቸውን መጠየቅ ያልቻሉት ሰው፥ ለኢትዮጵያ ልጆች የዓለምን ወንዝና ተራራ በአማርኛ ጻፉላቸው። ዳሩ ግን የየዕለት ማስታወሻቸውን ሲጽፉ የኖሩት በእንግሊዝኛ ነው። ሰው ለብቻው ሲሆን የሚያስብበት ቋንቋ በቀላሉ አይለወጥም።

በዚሁ ዓመት፥ በ1920 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ አልጋ ወራሽ ተፈሪ ወደ አሜሪካ ላኳቸው። ነገሩ የጣና ግድብ ነበር። እንግሊዞች ስለ ግብፅና ስለ ሱዳን ውሃ ሲሉ በጣና ላይ ለመወሰን የሚፈልጉት ራሳቸው ነበሩ፤ ሐኪም ወርቅነህ ግን ኒው ዮርክ ሄደው ጄ. ጂ. ኋይት ከተባለ ከአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። ለንደን ውስጥ ብዙ ቍጣ ተነሣ። ከቁጣው ውስጥ ግማሹ፥ እኛ ያሳደግነው ሰው እንዴት እንዲህ ያደርገናል የሚል ይመስለኛል። በዚያው ጉዞ በኒው ዮርክ የጥቍሮች ሰፈር በሆነው በሃርለም ሕዝቡን አግኝተው፥ የእጅ ሙያና ትምህርት ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። ግድቡ በዚያን ጊዜ አልተሠራም።

በ1922 እና በ1923 ዓ.ም. መካከል የጨርጨር ገዥ ሆኑ። ጨርጨር ከእርሳቸው አስቀድሞ በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እጅ ለሌላው ግዛት ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ አገር ነበር፤ ዋና ከተማውን አሰበ ተፈሪንም የመሠረቱት ተክለ ሐዋርያት ናቸው። ሐኪም ወርቅነህ የተማሩ ወጣቶችን ሰብስበው ይህንኑ ሥራ ቀጠሉ፤ በተለይ መንገድ ማውጣት ላይ በረቱ። ከተማዪቱ ዛሬ ጭሮ ትባላለች። ሰባ ዓመት የሚጠጋው ሽማግሌ በሐኪምነት ጡረታ ወጥቶ በጨርጨር ገደል ላይ መንገድ ሲያስቀይስ መዋሉን ያሰበ ሰው፥ ሥራ ለማማረር ትንሽ ያፍራል።

በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ጊዜው ኢጣልያ ለወረራ የምትዘጋጅበት ነበር። ከመቅደላ የወሰዳቸው መንግሥት ዋና ከተማ ውስጥ ቆመው፥ በእንግሊዞች በራሳቸው ቋንቋ፥ ኢትዮጵያ ልትወረር ነውና ዝም አትበሉ እያሉ በየስብሰባው ተናገሩ፤ ገንዘብ ለመኑ፤ ወዳጅ አፈሩ። ከነዚያም ወዳጆች አንዷ፥ በ1928 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጣ ማሳተም የጀመረችው ሲልቪያ ፓንክኸርስት ነበረች። መንግሥታቱ ግን አልሰሙም። ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደው ለንደን ሲደርሱ ሐኪም ወርቅነህ እዚያው ነበሩ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እደርሳለሁ። በእንግሊዝ አገር የምሕንድስና ትምህርት የተማሩ ቢንያምና ዮሴፍ የተባሉ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ጦርነቱ ሲነሣ ሁለቱም ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። አባታቸው በለንደን ስለነበሩ እዚያው መቅረት በቻሉ ነበር፤ ማንም አይወቅሳቸውም። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ወደ ምዕራብ ሄደው፥ የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ወጣቶችና ሌሎች የተማሩ ሰዎች ካቋቋሙት ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ሆኑ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ ለኢጣልያኖች እጃቸውን ሲሰጡ የማኅበሩ ኃይል ተበተነ። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጣልያኖች የተማረውን ኢትዮጵያዊ እየለቀሙ ሲፈጁ፥ ቢንያምና ዮሴፍም ተገደሉ።

አባት ይህን የሰሙት በስደት ሆነው ነው። ከመቅደላ ሳይወዱ ተወስደው የኖሩት ሰው፥ ወድደው የተመለሱ ልጆቻቸውን አገራቸው ላይ አጡ። ስለዚህ ነገር የተሻለ ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ እንዲሁ አለፍሁት።

ሐኪም ወርቅነህ ከለንደን ሥራቸው ከተሰናበቱ በኋላ ወዳደጉባት ወደ ሕንድ ሄዱ። አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ፥ በ1934 ዓ.ም. ግድም፥ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በዚያን ጊዜ ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። አሥር ዓመት ያህል ከኖሩ በኋላ በመስከረም ወር 1945 ዓ.ም. በዚሁ ከተማ ዐረፉ። በእንግሊዝኛ ሲጽፉት የኖሩት የየዕለት ማስታወሻቸው ተጠብቆ ቆይቶ ኖሮ፥ ፒተር ጋሬትሰን የተባሉ የታሪክ ሊቅ በእርሱ ላይ ተመሥርተው የሕይወት ታሪካቸውን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 አሳተሙ። በዚያ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ሁለቱም ስሞቻቸው አሉ።