የዙበይር ኢብኑል ዐዋም ሕይወትና የዕዳው አከፋፈል

ለአላህ ምስጋና ይገባው፤ በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ የአላህ እዝነትና ሰላም ይውረድ።

ዕዳ ሰውን ከእንቅልፉ የሚያባንን፣ በገበያ መካከል አንገቱን የሚያስደፋ ሸክም ነው። ሸክምነቱም በሞት አያበቃም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) 2 ዲናር ዕዳ ኖሮበት በሞተ ሰው ጀናዛ ላይ ከመስገድ እንደ ተቆጠቡ፣ አቡ ቀታዳ ዕዳውን በራሱ ላይ ከወሰደ በኋላ እንደ ሰገዱበት በሐዲስ ተዘግቧል። ስለ 2 ዲናር እንዲህ ከሆነ፣ 2,200,000 ዲርሃም ዕዳ ትቶ የሞተ ሰው ነገርማ ምንኛ የከበደ ይሆን! ይህ ሰው ታላቁ ሶሓባ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) ነው። ዕዳው እንዴት እንደ መጣ፣ እንዴትም እስከ መጨረሻዋ ዲርሃም እንደ ተከፈለ ለነጋዴም ለቤተሰብም ትምህርት ስለ ሆነ በዚህ ኹጥባ እንተርከዋለን።

ትውልዱና ስደቱ

ዙበይር የቁረይሽ ወገን ነው። እናቱ ሰፊያ የዐብዱል ሙጦሊብ ልጅ፣ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አክስት ነበረች። እስልምናን የተቀበለው ገና በልጅነቱ ሲሆን፣ በሕይወታቸው ሳሉ በጀነት ከተበሠሩት 10 ሶሓቦች አንዱ ነው። የመካ ሰዎች በሙስሊሞች ላይ ግፍ ባበዙ ጊዜ፣ በነቢይነቱ 5ኛ ዓመት፣ ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ615፣ ወደ አገራችን ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት መካከል ነበረ። ሙሃጂሮቹ በነጃሺ ጥላ ሥር በሰላም ተቀምጠው ሳለ በንጉሡ ላይ ጠላት ተነሣበት። የጦርነቱን ፍጻሜ አይቶ የሚመለስ ሰው ሲፈለግ ከሁሉ በዕድሜ ያነሰው ዙበይር ተነሣ። በአየር በተነፋ አቁማዳ ላይ ተንሳፎ፣ ታሪክ ጸሐፊዎች ዓባይ የሚሉትን ወንዝ ተሻገረና የነጃሺን ድል አይቶ፣ ልብሱን እያውለበለበ የምሥራቹን ይዞ ተመለሰ።

ወደ መዲና በተሰደደ ጊዜ ባለጸጋ አልነበረም። ሚስቱ አስማእ ቢንት አቡበክር እንደ ተናገረችው፣ ስታገባው ከአንድ ፈረስና ከአንድ ውሃ መቅጃ ግመል በቀር ሀብት አልነበረውም። እርስዋም ፈረሱን ትቀልብ፣ ውሃ ትቀዳ፣ ሊጥ ታቦካ፣ ከሩቅ ማሳ የተምር ፍሬ በራስዋ ተሸክማ ታመጣ ነበር። ኋላ አላህ በዘመቻ ድርሻና በመሬት ሀብቱን አሰፋለት። ነገር ግን በዘመኑ ሁሉ የአገር ገዥነትም ሆነ የግብር ሰብሳቢነት ሹመት ይዞ አያውቅም።

ዕዳው ከየት መጣ

አድምጡ! የዙበይር ዕዳ ከድግስ፣ ከጌጥ ወይም ከከንቱ ፉክክር የመጣ አልነበረም። ታማኝነቱን ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ ገንዘቡን በአማና ሊያስቀምጥ ወደ እርሱ የሚመጣው ብዙ ነበር። እርሱ ግን ገንዘቡ እንዳይጠፋ ስለሚሠጋ አማናውን አይቀበልም፤ በብድር ስም ይወስደው ነበር እንጂ። በሸሪዐ ሕግ አማና የተቀበለ ሰው ያለ ጥፋቱ ገንዘቡ ቢጠፋበት የመክፈል ግዴታ የለበትም። ተበዳሪ ግን ገንዘቡ ቢሰረቅም ቢቃጠልም ይከፍላል። እንግዲህ ዙበይር የሰውን ገንዘብ ከጥፋት ለመጠበቅ ሲል አደጋውን ሁሉ በራሱ ጫንቃ ላይ አደረገ ማለት ነው።

ነገር ግን ሐሳቡ መልካም የሆነ ዕዳም ዕዳ ነው። ዙበይር ይህን ያውቅ ነበርና በ36 ዓመተ ሂጅራ (656) በጀመል ቀን፣ በበስራ አጠገብ፣ ልጁን ዐብዱላህን ጠርቶ በጎኑ አቆመው። ስለዚያ ፊትና ዝርዝር ምላሳችንን እንሰበስባለን፤ ኑዛዜውን ግን እንያዝ። በዚያ ቀን ተበድሎ እንደሚሞት እንደሚያስብ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበውም ዕዳው እንደ ሆነ ነገረው። ንብረቱን ሸጦ ዕዳውን እንዲከፍል፣ ከዚያ ከሚተርፈው ሲሶው በኑዛዜ እንዲወጣ አዘዘው። ዕዳው ቢከብደውም በመውላው እርዳታ እንዲጠይቅ አደራ አለው። ዐብዱላህ መውላ የተባለው ማን እንደ ሆነ አልገባውምና አባቱን ጠየቀ፤ አባቱም አላህ መሆኑን ነገረው። ከዚያ ወዲህ ዐብዱላህ በዕዳው ጉዳይ በተጨነቀ ቁጥር የዙበይርን መውላ ይለምን ነበር፤ መንገዱም ይከፈትለት ነበር።

ዙበይር ከጦሩ ሜዳ ተለይቶ ሲሄድ ዋዲ ሲባዕ በተባለ ስፍራ ተገደለ። አንድ ዲናር ወይም አንድ ዲርሃም በእጁ አልተገኘም። የተወው መሬትና ቤት ብቻ ነው፤ ይኸውም አል-ጋባ የተባለው የመዲና መሬት፣ በመዲና 11 ቤቶች፣ በበስራ 2፣ በኩፋ 1፣ በምስር 1 ቤት ነበር።

ልጁ ዕዳውን እንዴት ከፈለ

ዐብዱላህ አስቀድሞ ዕዳውን ሁሉ አንድ በአንድ ቈጠረ፤ 2,200,000 ሆኖ አገኘው። ብዙ ባለዕዳ ድምሩን ማወቅ ስለሚፈራ ከመቍጠር ይሸሻል፤ ያልተቈጠረ ዕዳ ግን የሚከፈልበት ቀን አይኖረውም።

ከዚህ በኋላ ሽማግሌው ሐኪም ኢብኑ ሒዛም አገኘውና የወንድሙ የዙበይር ዕዳ ስንት እንደ ሆነ ጠየቀው። ዐብዱላህ የአባቱን ክብር ለመጠበቅ ሲል መቶ ሺሁን ብቻ ተናገረና የቀረውን ሰወረ። ሐኪም ንብረታቸው ይህን እንኳ የሚችል አይመስለኝም የሚል መልስ ሰጠ። በዚህ ጊዜ ዐብዱላህ ዕዳው 2,200,000 ቢሆንስ ምን እንደሚል ጠየቀው። ሽማግሌው ይህን ትችላላችሁ ብሎ እንደማያምን፣ ነገር ግን አንዳች ቢያቅታቸው በእርሱ እንዲታገዙ ነገረው። ልብ በሉ! ሐኪም አልሳቀበትም፣ ሙቱንም አላማም፤ ትከሻውን አቀረበ። ቍጥሩ በተሰወረ ጊዜ ያልመጣው የእርዳታ ቃል ቍጥሩ በተገለጠ ጊዜ መጣ።

ዙበይር አል-ጋባን የገዛው በ170,000 ነበር። ዐብዱላህ ግን ጭንቀት አስቸኵሎት በረከሰ ዋጋ አልጣለውም፤ 1,600,000 ገምቶ በ16 ድርሻ ከፈለውና በዙበይር ላይ ገንዘብ ያለው ሁሉ በዚያ እንዲገናኘው አስታወቀ። ዐብዱላህ ኢብኑ ጀዕፈር መጣ፤ እርሱ ወላጆቹ በስደት ሳሉ በዚሁ በሐበሻ ምድር የተወለደ ነው። በዙበይር ላይ 400,000 ነበረው። በመጀመሪያ ከፈለጉ ሊተውላቸው ፈቀደ፤ የዙበይር ልጅ አይሆንም አለ። ቀጥሎ የእርሱን ከሁሉ በኋላ እንዲያደርጉት ፈቀደ፤ ይህንም አልተቀበለም። በመጨረሻ በገንዘቡ ልክ ቍራሽ መሬት ጠየቀ፤ ወሰኑም ተለክቶ ተሰጠው።

የዙበይር ልጅ ከመሬቱና ከቤቶቹ እየሸጠ ዕዳውን ሁሉ ከፈለ፤ ከአል-ጋባም አራት ድርሻ ተኩል ቀረው። ወደ ሙዓዊያ በሄደ ጊዜ የያንዳንዱን ድርሻ ዋጋ ተጠይቆ 100,000 መሆኑን ተናገረ። ወንድሙ ሙንዚር አንዱን፣ ዐምር ኢብኑ ዑስማን አንዱን፣ ኢብኑ ዘምዓም አንዱን በ100,000 በ100,000 ገዙ። የቀረውን አንድ ተኩል ሙዓዊያ በ150,000 ወሰደ።

አሁን ወራሾች ውርሳቸውን ጠየቁ። ነገሩ የከበደው እዚህ ላይ ነው። ዙበይር ሲሞት 9 ወንዶችና 9 ሴቶች ልጆች፣ 4 ሚስቶችም ነበሩት፤ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ዐብዱላህ ግን አባቱ ብድር ያለበት ሰው እንዲመጣ በሐጅ ወቅት 4 ዓመት ሙሉ ሳያስነግር እንደማያካፍል ማለ። ቤተሰቡም ታገሠ። በየዓመቱ በሐጅ ተነገረ። 4 ዓመት ከተፈጸመ በኋላ ሲሶው በኑዛዜው መሠረት ወጣ፤ የቀረውም ተካፈለ፤ ከሚስቶቹ እያንዳንዷ 1,200,000 ደረሳት። አላህ በቍርኣኑ ውርስ የሚካፈለው ከኑዛዜና ከዕዳ በኋላ መሆኑን ደንግጓል፤ የዙበይር ቤትም ይህን ሕግ በተግባር ፈጸመው፤ በረካውንም አየ።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

በዱቦ፣ በአረካ፣ በቦዲቲና በሶዶ ገበያ የምትነግዱ ወንድሞች ሆይ! የንግድ ነገር ዛሬ ሙሉ፣ ነገ ጎዶሎ ነው። በወላይታ ብዙ ሰው ተስፋውን በዝንጅብል ላይ ጥሎ ሳለ፣ በ2004 ዓ.ም. የአጠውልግ በሽታ ማሳውን ባጠፋ ጊዜ፣ በአንድ ሰብል ላይ የተጣለ ተስፋ እንዴት እንደሚጠፋ አይተናል። እንግዲህ ዕዳ የያዘህ ሰው ከዙበይር ልጅ ተማር። ሌሊት ከሚስትህ ጋር ተቀምጠህ ያለብህን ሁሉ በደብተር ጻፍ፤ ለማን፣ ስንት፣ መቼ ብለህ ለይ፤ በምስክርም አጽናው። ገቢህን ለሦስት ክፈል፤ ለቤት ቀለብ፣ ለንግድህ መነሻ፣ ለዕዳህ። የዕዳውን ድርሻ ለሠርግና ለልብስ አትንካው። ከአራጣ ራቅ፤ በአራጣ ዕዳ የሚከፍል ሰው እሳትን በቡታጋዝ እንደሚያጠፋ ነው። ዕቁብ ከወዳጆችህ ጋር ብትጥል ወለድ የለበትምና መልካም ነው፤ ሆኖም ዕጣው አስቀድሞ የወጣለት ሰው የቀሩት ሁሉ ባለዕዳ መሆኑን አትርሳ።

አበዳሪ ሆይ! አንተ ደግሞ ከጀዕፈር ልጅ ተማር። መተው ብትችል ተው፤ ባትችል ቀን ጨምር፤ ያም ባይሆን በዓይነት ተቀበል። ጎረቤት ሆይ! እንደ ሐኪም ሁን፤ ባለዕዳው ምስጢሩን ሲገልጥልህ በቡና ላይ መጫወቻ አታድርገው። እናንተም ወራሾች ሆይ! በጀናዛ ላይ ዕዳ ያለው ይጠይቅ ተብሎ አንድ ጊዜ መነገሩ ብቻ በቂ አይምሰላችሁ፤ የዙበይር ልጆች 4 ዓመት አስነግረዋል። አባታችሁ የተወላችሁን ቤት ከመካፈላችሁ በፊት ደብተሩን ክፈቱ።

አላህ ያለብንን የምንከፍል፣ ያለንን የምናዝንበት ያድርገን፤ ዙበይርንና ሶሓቦችን ሁሉ ይውደድላቸው። አሚን።