ከኢማም መሐመድ ዓሊ እስከ ንጉሥ ሚካኤል

በዚህ እትም የምናነሳው ሰው ከሶሐቦች ወይም ከታላላቅ ዑለማዎች ታሪክ የተወሰደ አይደለም። አንዳንዶቻችሁም ይህ ሰው በሙስሊም ተማሪዎች መጽሔት ላይ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። መሐመድ ዓሊ ተብለው ተወልደው ሚካኤል ተብለው ስለሞቱት የወሎው ንጉሥ ነው የምናወጋው። የወሎ ሙስሊም ታሪክ ያለ እሳቸው አይነገርም፤ ስማቸው ሲነሳ ግን ገሚሱ ይኮራል፣ ገሚሱ አንገቱን ይደፋል።

መሐመድ ዓሊ በ1842 ዓ.ም. ገደማ ወረ ሂመኖን ይገዛ ከነበረው፣ ማመዶች ከሚባለው የኢማሞች ቤት ተወለዱ። አባታቸው ኢማም ዓሊ አባ ቡላ ናቸው። በዚያ ቤት ኢማምነት የመስጊድ ሹመት ብቻ አልነበረም፤ አገር ማስተዳደርም፣ ጦር መምራትም ነበር። በእንግሊዝ አገር ቪክቶሪያ በነገሠችበት በዚያ ዘመን የመኳንንት ልጅ ሥልጣንን የሚማረው በፓርላማ ወንበር ላይ ነበር። የወሎ ባላባት ልጅ ግን በፈረስ ላይ ይማረው ነበር፤ ፈተናውን የወደቀም ሁለተኛ ዕድል አያገኝም።

ልጅነታቸው የመከራ ዘመን ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ወሎን ለማስገበር ደጋግመው ዘምተው መቅደላን ምሽጋቸው አድርገዋል። የወሎዋ ገዢ ወርቂቱ ከመቅደላ ያመለጠውን ወጣቱን ምኒልክን ወደ ሸዋ ስላሳለፈች፣ በቴዎድሮስ እጅ የነበረው ልጇ ተገደለባት። (በነገራችን ላይ በዚያ ዘመን ወሎን ከመሩት መካከል ወርቂቱና ተቀናቃኟ መስተዋት ሁለቱም ሙስሊም ሴቶች ናቸው። ይህን ብዙዎቻችን አናውቀውም፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋል።) በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መጥቶ መቅደላን አቃጥሎ ሲመለስ መሐመድ ዓሊ የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ዙፋኑ ክፍት ሆነ። ከእኛው ከሙጃና ከላስታ ደጋ በኩል ዋግሹም ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው በ1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ በትግሬው ካሣ ተሸነፉ። ካሣም አፄ ዮሐንስ ተባሉ። ከሰሜን ዮሐንስ፣ ከደቡብ ምኒልክ ወሎን ሲስቡ፣ በመካከል መሐመድ ዓሊና ሌላው ኢማም አባ ዋጠው ለአገሩ ግዛት ይፎካከሩ ነበር። ሁለቱ ነገሥታት እስከተጣሉ ድረስ ወሎዎች አንዱን በሌላው እያስፈራሩ መኖር ይችሉ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ምኒልክ ለዮሐንስ ሲገብሩ ግን ያ በር ተዘጋ።

በዚያው ዓመት ዛሬ ከደሴ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኘው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደረገ። የጉባኤው ዋና ጉዳይ የክርስቲያኖቹ የሃይማኖት ክርክር ነበር፤ ከዚያ የወጣው ውሳኔ ግን እኛ ላይ አረፈ። ሙስሊም ሹማምንት ወይ ይጠመቁ፣ ወይ ሹመታቸውን ይልቀቁ ተባለ። ለሕዝቡም የጥቂት ዓመታት ቀነ ገደብ ተሰጠው። መሐመድ ዓሊ ተጠመቁ። የክርስትና አባታቸው ራሳቸው አፄ ዮሐንስ ሆነው ሚካኤል አሏቸው፣ የራስነት ማዕረግም ሰጧቸው። አባ ዋጠውም የምኒልክ የክርስትና ልጅ ሆነው ኃይለ ማርያም ተባሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በግዳጅ ውስጥ የወደቀን ሙስሊም በተመለከተ ሁላችንም የዓማር ቢን ያሲርን (ረ.ዐ) ታሪክ እናውቃለን፤ በስቃይ ብዛት ምላሱ የተናገረው ልቡን አልነካውም ነበር። የቦሩ ሜዳው ምርጫ ግን ከዚህ ይለያል። ለመሐመድ ዓሊ የቀረበላቸው ምርጫ በሃይማኖትና በግዛት መካከል ነበር፤ እሳቸውም ግዛትን መረጡ። በልባቸው ያለውን አላህ ያውቃል። እምቢ ቢሉ ወሎ ለባዕድ ሹም ትሰጥ ነበር የሚሉ አሉ፤ ይህ እውነትነት አለው። ሆኖም በግዛታቸው ውስጥ የሆነውን ስናይ ክርክሩ ይከብዳል። አዋጁን እምቢ ያለው ተራው ሕዝብ ነበር። ሸኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር አመፁን መሩ፣ መንደሮች ተቃጠሉ፣ ብዙ ቤተሰብ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ብዙዎችም ቀን ክርስቲያን መስለው ሌሊት እየሰገዱ ያን ዘመን አለፉ። ራስ ሚካኤል በዚያ ሁሉ ጊዜ የቆሙት በንጉሠ ነገሥቱ ወገን ነበር።

በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዮሐንስ መተማ ላይ ከመህዲስቶች ጋር ሲዋጉ ሞቱ። ራስ ሚካኤል ወደ ምኒልክ ገቡ፣ የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋንም አገቡ። ከዚህ ጋብቻ ልጅ ኢያሱ ተወለደ፤ እናቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተችበት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የወሎን ፈረሰኛ ይዘው የጄኔራል ዳቦርሚዳን ጦር ከደመሰሱት አንዱ ራስ ሚካኤል ነበሩ። ከዚያ ፈረሰኛ ብዙው የሙስሊም ልጅ እንደነበር የአድዋን በዓል ስናከብር ብናስታውስ መልካም ነው።

ደሴን ዋና ከተማቸው አድርገው አሳደጉ። መድኃኔ ዓለምን አሠሩ፤ ዛሬም የቆመውን የአይጠየፍን የግብር አዳራሽ አሠሩ። ከሙጃ ወርዶ በወልዲያ በኩል ደሴ የገባ ተማሪ ሄዶ ቢያየው አይቆጭም። ስሙን የአገሩ ሰው ሲተረጉመው፣ ሀብታምና ድሃ የማይጠያየፍበት ቤት ማለት ነው ይላል።

በግንቦት 1901 ዓ.ም. ምኒልክ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ። እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማ በ1903፣ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲሞቱ ሥልጣኑ በወጣቱ እጅ ገባ። ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ልጅ አባቱን የወሎና የትግራይ ንጉሥ አድርጎ ደሴ ላይ አነገሣቸው። ኢያሱ ከሐረርና ከድሬዳዋ ሙስሊሞች ጋር ተቀራረበ፣ ከአፋርና ከሶማሌ ባላባቶች ጋር ተወዳጀ። የሸዋ መኳንንት ይህን አልወደዱም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰለመ ብለው ከሥልጣን አወረዱት። ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ።

አባትየው ከተጠመቁ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል፣ ለክርስቲያን ነገሥታት ዘምተዋል። የተከሰሰው ልጃቸው ቢሆንም፣ ክሱ ቦሩ ሜዳ ላይ የተውትን ኢስላም መልሶ ደጃቸው አመጣው።

ጦራቸውን ሰብስበው ወደ ሸዋ ወረዱ። ጥቅምት 9 ቀን ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደመሰሱ። ያኔ ቢገሰግሱ አዲስ አበባ ሳይዘጋጅ ይደርሱ ነበር። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን የወዳጅነት መልእክት እየላኩ አዘገዩአቸው፤ የሸዋ ጦርም በዚያ መካከል ተሰባሰበ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ኢያሱ አልደረሰላቸውም። ያሸነፏቸው ራስ ተፈሪ የልጅ ልጃቸው ባል ነበሩ፤ ወይዘሮ መነን የልጃቸው የወይዘሮ ስሂን ልጅ ናት። ከኋለኛው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተሰብ ስንቱ የኢማም ዓሊ ዘር እንደሆነ ማሰብ ይገርማል።

በድሉ ሰልፍ ላይ ንጉሥ ሚካኤል በሰንሰለት ታስረው፣ ጥቁር ካባ ለብሰው በሕዝብ ፊት አለፉ። በታዳሚው መካከል የእንግሊዝ ሚኒስትር ልጅ፣ የሎርድ ቼምስፎርድ የልጅ ልጅ፣ የስድስት ዓመቱ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነበረ። በኋላ ታላቅ ተጓዥ ሆነ፤ የሽማግሌውን ንጉሥ አካሄድ ሸምግሎም አልረሳውም።

ንጉሥ ሚካኤል ጳጉሜን 3 ቀን 1910 ዓ.ም. ሆለታ ላይ በግዞት እንዳሉ ሞቱ። ኢያሱ ያን ጊዜ ገና ከአፋር በረሃ ወደ ትግራይ እየተንከራተተ ነበር፤ የተያዘው በ1913 ዓ.ም. ነው።