አፄ ምኒልክና የባዕድ ባለሙያ

ሁሩታ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ የገብስ ቆሎና በሶ በኢንተርኔት ይሸጣል። ገጹን የከፈተለትና ማስታወቂያ የሚያወጣለት አንድ የአዳማ ልጅ ነበር። የሱ ሥራ ቆሎውን አስቆልቶ በሚኒባስ መላክ ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት በሒሳብ ተጣሉ። ገጹ በልጁ ስልክ ቁጥር መከፈቱ የታወቀው ያኔ ነው። ደንበኛው፣ ፎቶው፣ የሁለት ዓመት ትዕዛዝ ሁሉ እዚያው ቀረ። ደውሎልኝ ታዲያ ሁሉንም ነገር ራሴ መማር አለብኝ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። በዚያው ሰሞን ለአንድ ኮርስ ስለ አፄ ምኒልክ ሳነብ ግን ጥያቄው ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ፤ እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስቡበት የኖሩት ነገር እሱ ራሱ መሰለኝ።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጁ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ወደቁና ወደ መቅደላ ተወሰዱ። አሥር ዓመት ያህል እዚያ ኖረዋል። ቴዎድሮስ በጋፋት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን መድፍ እንዲሠሩ ያስገደዱት በዚያ ዘመን መሆኑ ይታወቃል። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡና ነገሡ።

በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ወጣት የስዊዝ መሐንዲስ አንኮበር ደረሰ። እንደሚተረከው ምኒልክ መጀመሪያ ያዘዙት ድልድይ ወይም ቤት እንዲሠራ አልነበረም፤ ጫማ እንዲሰፋ ነው! መሐንዲሱ ጫማ ሰፍቼ አላውቅም ቢልም አልተለቀቀም፤ ሰፋ። ቀጥሎ ጠመንጃ ሥራ ተባለ። ከውጭ መግዛቱ እንደሚረክስ ቢያስረዳም እሱንም መሥራት ነበረበት። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቀልድ ያወራዋል። ለእኔ ግን ቀልድ አይደለም። ምኒልክ ስለ ድልድይ ስሌት የሚያውቁት ነገር የለም፣ ጫማ ግን ጥሩ ሆነ መጥፎ በዓይናቸው ማየት ይችላሉ። የሰውየውን እጅ የፈተኑት ራሳቸው ሊፈርዱ በሚችሉበት ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ኢልግ በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ፣ በ1886 ዓ.ም. ደግሞ ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ አመጣ። ውሃ ሽቅብ አይወጣም ያለው ሰው ብዙ ነበር ይባላል። ንጉሡ ሰዓትና መኪና እየፈታቱ ውስጡን ማየት ይወዱ እንደነበር የጎበኟቸው የውጭ ሰዎች ጽፈዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም፤ የአርሲ ልጅ ነኝና። ከውጭ የመጣው ጠመንጃ የዋለው ለአድዋ ብቻ አይደለም። የሸዋ ጦር አርሲን ለመያዝ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ በ1878 ዓ.ም. ማብቂያ አዙሌ ላይ ጦርና ጋሻ የያዘው የአርሲ ሕዝብ በጠመንጃ ተሸነፈ። ስለ አኖሌ የሚነገረው ዛሬም ያከራክራል፤ መታሰቢያው ግን ከሁሩታ ብዙም በማይርቀው በሄጦሳ ወረዳ በ2006 ዓ.ም. ተመርቆ ቆሟል። እኛ ሰፈር የምኒልክ ስም ሲነሳ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ስሜት አይሰማውም። ይህ ጽሑፍ ስለ ባለሙያና ስለ ውል ስለሆነ ወደዚያው ልመለስ።

ጠመንጃ ካቀረቡላቸው ሰዎች አንዱ የጣሊያኑ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ነበር። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ ከእሱ ጋር ውል ተፈራረሙ። ውሉ በአማርኛና በጣሊያንኛ ነው። ምኒልክ ጣሊያንኛ አያውቁም። አስተርጓሚው ግራዝማች ዮሴፍ ነበሩ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለመላላክ ቢፈልጉ በጣሊያን መንግሥት አማካይነት ማድረግ ይቻላቸዋል ይላል። በጣሊያንኛው ግን በዚያው በኩል ለማድረግ ተስማምተዋል ይላል። ያቺ አንዲት ግሥ ኢትዮጵያን በወረቀት ላይ የጣሊያን ጥገኛ አደረገቻት። ስህተቱ የአስተርጓሚው ነው ወይስ የአንቶኔሊ ተንኮል ነው በሚለው የታሪክ ጸሐፊዎች አይስማሙም። እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው። የጫማ ስፌት አገላብጠው ያዩ ሰው፣ የአገራቸውን ውል ሌላኛውን ገጽ የሚያይላቸው ሁለተኛ ሰው አጠገባቸው አልነበረም። መፍታት የሚችሉት ዕቃ ሲሆን ይፈቱታል፤ ጣሊያንኛ ግን እንደ ሰዓት አይፈታም።

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲቀቡ ለአውሮፓ ነገሥታት ደብዳቤ ጻፉ። የመጣው መልስ ነው ያነቃቸው። ከእንግዲህ ጉዳይዎን በጣሊያን በኩል ያድርጉት የሚል መንፈስ ነበረው። የአክስቴ ልጅ ገጹ የሰው መሆኑን ያወቀበት ቀን ትዝ አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ይጥማል። በ1883 ዓ.ም. አንቶኔሊ ነገሩን ለማስተካከል አዲስ አበባ መጣ። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ አንድ ወረቀት ተፈረመ። ጣሊያኖቹ አንቀጹ እንዳለ ይቆያል የሚል መስሏቸዋል። አማርኛው በትክክል ሲተረጎምላቸው ግን አንቀጽ 17 ተሰርዟል ይላል! አንቶኔሊ ተቆጥቶ ወረቀቱን ቀደደና ሄደ። በዚህኛው ዙር የማያነቡትን የፈረሙት እነሱ ነበሩ።

ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ፤ ከጣሊያን የተበደሩትንም ገንዘብ ከፈሉ። የቀረው አድዋ ላይ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አለቀ። ጦርነቱን ሁላችንም ስለምናውቀው አልደግመውም። ከድሉ በኋላ ጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል ግን የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳይኛ ኢልግ የሚያነበው ቋንቋ ነው። ከአድዋ በፊት ደግሞ የአርሲው ገዥ የራስ ዳርጌ ልጅ ጉግሣ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና ኪታው ስዊዘርላንድ እንዲማሩ ተልከው ነበር። በ1901 ዓ.ም. የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤትም ከምንም በላይ የውጭ ቋንቋ ነበር የሚያስተምረው። መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ናቸው። ለእኛ ሙያ የቀረበውን ከፈለጋችሁ፣ አእምሮ የተባለው ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ የሚያዘጋጀው ካቫዲያስ የሚባል ግሪካዊ ነበር።

የባቡሩ ነገር ግን እንደገና አናደዳቸው። በ1886 ዓ.ም. የመሥሪያ ፈቃዱን የሰጡት ለኢልግ ነው፤ ኢልግ ከፈረንሳዊው ሸፍኑ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ። ሐዲዱን ማን እንደሚዘረጋ ምኒልክ ያውቁ ነበር። ኩባንያ ሲከስር አክሲዮኑ የማን እጅ እንደሚገባ ግን ጫማ ላይ የሚፈተን ነገር አይደለም። ገንዘብ አለቀ፣ የእንግሊዝ ባለሀብቶች ገቡ፣ ፈረንሳይ ደነገጠች። በ1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ከኩባንያው ጋር ለብቻው ተዋዋለና ባቡሩን በእጁ አደረገ። ባለ አገሩን የጠየቀ የለም። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስ ንጉሠ ነገሥቱ ተቀይመው ነበር፤ ሥራውም እዚያው ላይ ዓመታት ቆመ። ኩባንያው ከስሮ ከፈረሰ በኋላ በ1900 ዓ.ም. ለሌላ ኩባንያ አዲስ ፈቃድ ተሰጠ። ያን ጊዜ ኢልግ ከሥራ ወጥቶ ወደ አገሩ ሄዷል፤ ምኒልክም መታመም ጀምረዋል።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ቆየ። ኢልግም በ1908 ዓ.ም. ዙሪክ ሞተ። ባቡሩ ናዝሬትን አልፎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ሁለቱም አላዩትም።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ በስልክ ስተርክለት ዝም ብሎ ሰማኝ። አሁን በራሱ ቁጥር አዲስ ገጽ ከፍቷል። ማስታወቂያውን ዛሬም የሚሠራለት ሌላ ልጅ ነው፤ ሲሠራ ግን አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያያል። ልጁ ማየቱን ብዙም የወደደው አይመስልም አሉ።