እቴጌ ጣይቱና ሒሳብ የከፈለው የመጀመሪያው እንግዳ

እቴጌ ጣይቱ ብጡል ሲነሱ ለአብዛኞቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ዓድዋ ነው። በ1888 ዓ.ም. የመቀሌው ምሽግ ውኃ እንዲያዝ የመከሩበት ብልሃት በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። በዚህ እትም የምናነሳው ግን የንግድ ሥራ የጀመሩትን ጣይቱን ነው። የእኛ ማኅበር አባላት እንጀራ ጋግረው፣ በርበሬ አዘጋጅተው፣ ዳቦ ደፍተው ገበያ ሲወጡ የሚገጥማቸው ችግር እቴጌይቱንም ገጥሟቸው ነበርና።

እቴጌ ጣይቱ የደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው፤ ትውልዳቸውም ከሰሜንና ከየጁ መሳፍንት ይመዘዛል። ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ ብርቅ በነበረበት ዘመን ማንበብና መጻፍ ተምረዋል፤ በገናም ይደረድሩ ነበር። በ1875 ዓ.ም. ምኒልክን አገቡ። በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠሩና ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። በ1882 ዓ.ም. የእቴጌነት ዘውድ ጫኑ። የእኛ ሰፈር ስም፣ ጠመንጃ ያዥ፣ የሚያስታውሰን የቤተ መንግሥት አገልግሎትም ከዚያ ዘመን ሥርዓት የመጣ ነው።

እቴጌይቱ በሕይወታቸው ሙሉ ተክነው የሠሩት አንድ ትልቅ ሙያ ነበራቸው፤ ሰው ማብላት። በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ያደረጉት ድግስ እስከ ዛሬ ይወሳል። በግቢ የሚጣለው ግብር መኳንንቱን፣ ወታደሩንና ድኻውን በየማዕረጉ ያበላ ነበር። ወጡን፣ ጠጁን፣ ጠላውንና የሠራተኛውን ብዛት የሚቆጣጠሩት እሳቸው ናቸው። ከሩቅ ለሚመጣ የመንግሥት እንግዳም ድርጎ ይሰጠዋል፤ እንጀራውም በጉም ማሩም በትእዛዝ ይቀርብለታል። ይህ ሁሉ በነፃ ነበር።

ከዓድዋ ድል በኋላ ከተማዋ ተለወጠች። የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮን ከፈቱ፤ የግሪክ፣ የአርመንና የህንድ ነጋዴዎች በረከቱ። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ መንገደኛው በበቅሎ ይጨርሰዋል። ደክሞ ሲገባም ማረፊያው ወይ የራሱ ድንኳን ነው ወይ የሚያውቀው ሰው ቤት። ጣይቱ ይህን ጉድለት አዩ። በ1898 እና በ1900 ዓ.ም. መካከል በፒያሳ እቴጌ ሆቴል ተሠርቶ ሥራ ጀመረ፤ በአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል መሆኑ ነው።

ቤቱ አማረ፣ ምግቡም ተሰናዳ፤ ከፋይ ግን ጠፋ። አዲስ ሥራ ስንጀምር ተፎካካሪያችን ማን እንደሆነ የምንፈልገው ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ ነው። እቴጌይቱ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሆቴል አልነበረባቸውም። የሆቴሉ ተፎካካሪ የእሳቸው የራሳቸው ግብር ነበር። በግቢ ያለ ዋጋ የሚበላ መኳንንት ፒያሳ ወጥቶ ለምን ይከፍላል? ዘመድ ቤት የሚያርፍ መንገደኛስ ለአልጋ ለምን ይከፍላል? በዚያ ላይ ምግብን በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር፣ በገንዘብ ገዝቶ መብላትም ቤት እንደሌለው ሰው ያስቆጥር ነበር። የከበደው ይህን ልማድ ማሸነፍ ነው።

ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው በመጀመሪያ የተጠሩት መኳንንት በልተው፣ ጠጥተው፣ አመስግነው ሄዱ፤ ግብር መስሏቸዋልና። ሆቴሉ ሲከስር ዳግማዊ ምኒልክ መላ ፈለጉ። መኳንንቱን አስከትለው ሆቴሉ ገቡ፣ እንደማንኛውም እንግዳ በሉ፣ ሲጨርሱም ሒሳብ ጠይቀው ከኪሳቸው ከፈሉ። ንጉሡ ከከፈሉ በኋላ ሌላው እንዴት እጁን ይሰበስባል? ባለሟሉም እየተከተለ ከፈለ። ከዚያ ወዲያ ገንዘብ ከፍሎ መብላት ነውርነቱ እየቀረ ሄደ።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመን ትልቁ ነገር በምስጋናና በክፍያ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ምግቡን አልጠሉትም፤ ምስጋናቸው ግን ለሆቴሉ ቀለብ አልሆነም። በእኛም ዘንድ አንዲት አባል የጋገረችውን ዳቦ ጎረቤት ቀምሶ እጅሽ ይባረክ ሲላት ገበያ ያገኘች ይመስላታል። ምርቃቱ ደስ ይላል፤ የዱቄትና የማገዶ ዋጋ ግን አይመልስም። ስለዚህ በሒሳብ ደብተራችን ላይ ሦስት ዓምድ እንድናሰምር እንመክራለን። በአንደኛው ዘመድና ወዳጅ ስለሆነ የገዛን፣ በሁለተኛው ሳያውቀን የገዛን፣ በሦስተኛው ደግሞ ሳያውቀን ገዝቶ ተመልሶ የመጣን እንጻፍ። ሦስተኛው ዓምድ በየወሩ ካልጨመረ ብድር ጨምሮ ምርት ማብዛት ዕዳ ማብዛት ነው። መጀመሪያ ሄዶ መጠየቅ ያለበትም አንድ ጊዜ ገዝቶ የቀረውን ሰው ነው። ዋጋው ነው? መጠኑ ነው? ወይስ በሚፈልግበት ሰዓት አላገኘንም? ከሚያመሰግነን ይልቅ የቀረው ሰው ብዙ ያስተምረናል።

እቴጌይቱ በሌላ ሥራም ከብርቱ ተፎካካሪ ጋር ተጋጥመዋል። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር የነበረ ሲሆን የሃምሳ ዓመት ብቸኛ ፈቃድ ተሰጥቶት ነበር። የአገር ገንዘብ በባዕድ እጅ መሆኑ ያልተዋጠላቸው ጣይቱ፣ ለእርሻና ለንግድ ማስፋፊያ የሚያበድር የኢትዮጵያውያን ማኅበር እንዲቋቋም ተነሱ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ የቆመው ግን በእሳቸው ሥልጣን ላይ ነበር። ምኒልክ በጠና ሲታመሙ የቤተ መንግሥቱ ሽኩቻ ከረረ፤ በ1902 ዓ.ም. መጋቢት ወር መኳንንቱ እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። ማኅበሩም ሥር ሳይሰድ ቀረ። ባንኩ ግን እስከ 1923 ዓ.ም. ዘለቀ። ከሁለቱ የጣይቱ ሥራዎች ሥልጣናቸውን ተከትሎ ያልወደቀው በየቀኑ የሚከፍል እንግዳ ያገኘው ሆቴሉ ነው።

ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ተቀመጡ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ሆቴሉ ሲጠብቀው የኖረው መንገደኛ በብዛት መድረስ የጀመረው እሳቸው ከተራራው ላይ ሆነው ነበር። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። አፅማቸው በኋላ ወደ በዓታ ማርያም ተዛውሮ ከምኒልክ ጎን ዐርፏል። ሆቴሉ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ክፉኛ ቢጎዳም ታድሶ ዛሬም በጣይቱ ስም እንግዳ ይቀበላል።

አባሎቻችን ዛሬ ያሉበት ሁኔታ ከዚህ የራቀ አይደለም። በልደታ አሮጌ መንደሮች በመልሶ ማልማት ሲነሱ የለመደው ደንበኛ ይበተናል፤ አዲስ የገባው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ደግሞ አያውቀንም። እሱን ለማግኘት ደረጃ መውጣትና በር ማንኳኳት ይጠይቃል። ከተዘዋዋሪ ብድራችን የወሰደች እናት ገበያ ሳታገኝ ብትቀር የሚጎዳው የእሷ ቤት ብቻ አይደለም፤ ተራዋን የምትጠብቀው ቀጣይዋ እህትም ትጎዳለች።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ልመና አለን። እርዳታችሁ ብዙ ቤት አቁሟልና እግዚአብሔር ይስጥልን። ከእርዳታው ጋር ግን ምኒልክ በሆቴሉ ያደረጉትን አድርጉልን። የአባሎቻችንን እንጀራና በርበሬ ለቤታችሁና ለመሥሪያ ቤታችሁ በሙሉ ዋጋ ግዙ፤ ጉድለት ካለው ሳታፍሩ ንገሩን፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጡም አንድ የማያውቀን ሰው ይዛችሁ ኑ።