መረጃን ከማስቀመጫው ነጻ ያወጡት ኤድጋር ኮድ

ዛሬ አንድ ሰው በእጅ ስልኩ የባንክ ሒሳቡን ሲጠይቅ መልሱ ከየትኛው ኮምፒውተር እንደመጣ አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። ለዚህ ዕረፍት መሠረት ከጣሉት ሊቃውንት ቀዳሚው ኤድጋር ፍራንክ ኮድ ናቸው።

ኮድ እ.ኤ.አ በ1923 በእንግሊዝ፣ በፖርትላንድ ደሴት ተወለዱ። በኦክስፎርድ ሒሳብና ኬሚስትሪ ተምረው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአየር ኃይል አብራሪነት አገለገሉ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በአይቢኤም ኩባንያ ተቀጠሩ፤ በ1965 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ።

በዚያ ዘመን መረጃ ፈላጊ መረጃው የተቀመጠበትን መንገድ አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት። እህሉ በየትኛው ጎተራ፣ በየትኛው ጥግ እንደተከተተ ያላወቀ ባዶ እጁን እንደሚመለስ ዓይነት ነበር። አቀማመጡ በተለወጠ ቁጥርም ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ይጻፍ ነበር። ኮድ በ1970 ባሳተሙት ጥናት ይህን ቋጠሮ ፈቱት። መረጃ በረድፍና በአምድ በተሰደሩ ሰንጠረዦች እንዲቀመጥ፣ ሰንጠረዦቹም በያዙት እሴት እንዲዛመዱ፣ ተጠቃሚው የሚፈልገውን ብቻ ሲናገር መንገዱን ማሽኑ እንዲያፈላልግ አሳዩ።

ሐሳቡ በገዛ ቤታቸው ቶሎ ተቀባይነት አላገኘም። አይቢኤም አይኤምኤስ የተሰኘውን ነባር ሥርዓቱን እየሸጠ ያተርፍ ስለነበር አመነታ፤ በ1979 ኦራክልን ያቀረበው ትንሽ ኩባንያም ቀድሞት ገበያ ገባ። ኮድ ግን ከመሟገት አልቦዘኑም። በ1981 በኮምፒውተር ሳይንስ ከፍተኛ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበሉ።

በ1985 የእውነተኛ ሰንጠረዣዊ የመረጃ ቋት መመዘኛዎችን ይፋ አደረጉ። አሥራ አንደኛው መመዘኛ፣ መረጃው በብዙ ቦታ ቢከፋፈልም የተጠቃሚው ፕሮግራም ሳይነካ እንዲሠራ ይጠይቃል።

ይህ መመዘኛ ዛሬም መሐንዲሶችን ይፈትናል። ሰንጠረዥ ለአንድ ሰርቨር ሲከብድ ረድፎቹ፣ ለምሳሌ በደንበኛ ቁጥር፣ ተከፍለው ለብዙ ሰርቨሮች ይታደላሉ። ጭነቱ ይቀላል፤ ፈተናው የሚመጣው ገንዘብ በአንዱ ሰርቨር ካለ ሒሳብ በሌላው ወዳለ ሒሳብ ሲተላለፍ ነው። ከአንዱ ተቀንሶ በሌላው ሳይደመር ግንኙነቱ ቢቋረጥ ገንዘቡ መና ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱም ሥራዎች አብረው ይጸናሉ፣ አሊያም አብረው ይሰረዛሉ። ለዚህ ሰርቨሮቹ መጠባበቅ አለባቸው፤ መጠባበቁም ፍጥነትን ይቀንሳል። ፍጥነትን ያስቀደሙ አንዳንድ ተቋማት የክፍፍሉን ሸክም ለፕሮግራም ጸሐፊው መልሰው አሸክመዋል፤ የትኛው ረድፍ የት እንዳለ ማወቅ እንደገና የእርሱ ሥራ ሆኗል።

ኮድ እ.ኤ.አ ኤፕሪል 18 ቀን 2003 በፍሎሪዳ በ79 ዓመታቸው አረፉ። ሊያወርዱት የተነሡት ሸክም ግን ገና ሙሉ በሙሉ ከትከሻ አልወረደም።