ኢማም አል-ገዛሊና የመልካም ነገር ምንጭ

ፈጣሪ ውሸትን ባይከለክል ኖሮ ውሸት ክፉ ይሆን ነበር? ስለ ጋዜጠኝነት ሥነ ምግባር ክፍል ውስጥ በተወያየን ቁጥር ይህ ጥያቄ ሳይጠራ ይመጣል። አንዱ ያለ ሃይማኖት ሥነ ምግባር መሠረት የለውም ይላል፣ ሌላው ሕሊና ይበቃል ይላል፣ ከዚያ ሰዓቱ ያልቅና ወደ ካፌ እንሄዳለን። እኔ ዛሬ ለጥያቄው ቁርጥ ያለ መልስ ስለነበራቸው፣ ኋላ ግን የገዛ ሕይወታቸው ስለፈተናቸው ሰው ልጽፍ ወደድኩ።

አቡ ሐሚድ ሙሐመድ አል-ገዛሊ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1058 ገደማ፣ ዛሬ ኢራን ውስጥ በምትገኘው በጡስ ነው። አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ እሳቸውንና ወንድማቸውን አሕመድን አንድ ሱፊ የአባታቸው ወዳጅ እንዳሳደጓቸው ይነገራል። የተተወላቸው ገንዘብ ሲያልቅ ወንድማማቾቹ መድረሳ የገቡት ትምህርቱን ብቻ ብለው ሳይሆን እዚያ የሚበላና የሚታደርበት ስለሚገኝም ነው። (የኛው የቆሎ ተማሪ ትዝ አለኝ፤ እሱስ ለምኖ ነው የሚበላው።) አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ሽፍቶች የትምህርት ማስታወሻቸውን ወሰዱባቸው ይባላል። ለምነው ቢያስመልሱትም የሽፍቶቹ አለቃ ወረቀት ሲነጠቅ አብሮ በሚነጠቅ እውቀት ስላፌዘባቸው፣ ሦስት ዓመት ቁጭ ብለው ሁሉንም በቃላቸው ያዙት።

ከዚያ ኒሻፑር ሄደው ከታላቁ ሊቅ ከአል-ጁወይኒ ተማሩ። ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በእስልምና ውስጥ ሙዕተዚላ የሚባሉት ሊቃውንት ግፍና ውሸት በራሳቸው ክፉ ናቸው፣ አእምሮም ይህን ያለ ራእይ ያውቃል ብለው ያስተምሩ ነበር። መጀመሪያ ከነሱው ወገን የነበሩት አቡል ሐሰን አል-አሽዓሪ ግን ይህን ትተው፣ መልካም ማለት አላህ ያዘዘው፣ ክፉ ማለትም የከለከለው ነው አሉ። አል-ጁወይኒም ተማሪያቸው አል-ገዛሊም የአሽዓሪ ወገን ናቸው። እንደ አል-ገዛሊ አባባል ሰው በራሱ መልካም የሚለው ለዓላማው የተስማማውን ነው፤ ንጉሥ ሲገደል ለጠላቶቹ መልካም፣ ለወዳጆቹ ክፉ እንደሚሆነው ማለት ነው። ታዲያ ከላይ ሕግ ካልመጣ ማን ይዳኛል?

በ1091 የሰልጁቁ ቫዚር ኒዛም አል-ሙልክ ባግዳድ በሚገኘው ኒዛሚያ መድረሳ መምህር አድርገው ሾሟቸው። ገና ሠላሳ ሦስት ዓመታቸው ነበር፤ ሦስት መቶ ያህል ተማሪ ይሰማቸዋል። በ1095 ግን ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ራሳቸውን ሲመረምሩ የሚያስተምሩት ለአላህ ብለው ሳይሆን ለዝና መሆኑን አገኙት። ልሂድ ልቅር እያሉ ስድስት ወር ያህል ተሰቃዩ። በመጨረሻ ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ማስተማር አቃታቸው፣ ምግብም አልወርድ አላቸው፣ ሐኪሞችም ተስፋ ቆረጡ።

እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ሰውየው አንድም ሕግ አልጣሱም። የሚያስተምሩት ሕጉን ነው፣ ሕዝቡ ያከብራቸዋል፣ በየትኛውም ዳኛ ፊት ነፃ ናቸው። ግን አንድ ነገር ትክክል አይደለም ብሎ ያዛቸው። የሙዕተዚላ ሰው ቢሆን ያው አእምሮህ ነው የፈረደብህ ባላቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ ሕጉ ሥራን ብቻ ሳይሆን ኒያንም ይመዝናል፣ ያስጨነቀኝም የመጨረሻው ቀን ፍርድ ነው ይላሉ። መቼም ኒያን የመሰለ ነገር ከሰው ዳኛ አይገኝም፤ እዚህ ላይ ያሸነፉ ይመስለኛል።

ወደ መካ ልሄድ ነው ብለው፣ ለልጆቻቸው የሚበቃውን አስቀርተው ሀብታቸውን አከፋፍለው ወደ ደማስቆ ሄዱ። የማስተማሩንም ቦታ ወንድማቸው አሕመድ ተኩላቸው። በኋላ ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ኬብሮን በአብርሃም መቃብር ላይ ሁለተኛ ደጃፍ የገዥ ላልረግጥ፣ ገንዘቡንም ላልቀበል ተሳሉ። ቀጥሎም ሐጅ አደረጉ። ኢሕያእ ኡሉም አድ-ዲን የተባለው ባለ አርባ ክፍል ሥራቸውም የነዚህ ዓመታት ፍሬ ነው። ሆኖም በ1106 የኒዛም አል-ሙልክ ልጅ ፋኽር አል-ሙልክ ሲጠሯቸው ኒሻፑር ወዳለው ኒዛሚያ ተመልሰው አስተማሩ። እሳቸው ለዚህ በቂ ምክንያት ሰጥተዋል፤ እኔ ግን ጋዜጠኝነት እየተማርኩ ይህን መዝለል አልችልም።

በ1109 በጨረሱት በአል-ሙስተስፋ ወደ ድሮው ጥያቄ ተመለሱ፣ ያውም ከባዱን ምሳሌ መርጠው። ሃይማኖት የሌለው፣ ምስጋናም ሽልማትም የማይጠብቅ ሰው ሊሞት የተቃረበ እንግዳ ቢያይ ለማዳን ይሮጣል። ከየት መጣ ይሄ? አል-ገዛሊ ሲመልሱ፣ አንደኛ ሰው ራሱን በሚሞተው ቦታ ያስቀምጥና ይራራል፤ ሁለተኛ ደግ ሥራ ሁልጊዜ ከምስጋና ጋር ስለሚታይ ምስጋና በሌለበትም ልብ ይሳባል፣ እባብ የነደፈው ሰው ዝንጉርጉር ገመድ እንደሚፈራው። እኛ እባብ ያየ በልጥ በረየ የምንለው መሆኑ ነው።

የገረመኝ፣ ሥነ ምግባር ፈጣሪ አያስፈልገውም የሚሉ የዛሬ ሰዎችም ይህንኑ ማስረጃ ማቅረባቸው ነው፤ ርኅራኄና ልማድ ካሉ ይበቃል ይላሉ። አል-ገዛሊ ግን ከዚያው ተነስተው ተቃራኒው ጋ ደረሱ፤ ርኅራኄ ለምን እንደሮጥን ይነግረናል እንጂ መሮጥ ግዴታችን መሆኑን አይነግረንም። በእኔ አስተያየት ለዚህኛው ነጥብ ሁነኛ መልስ የሰጠ ብዙ የለም። እሳቸውም ቢሆኑ የማይራራው ሰው ላይ ለምን ውስጣችን እንደሚቆጣ በልማድ ብቻ ማስረዳታቸው አላጠገበኝም።

መጽሐፉን ከጨረሱ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1111 ታኅሣሥ ወር፣ በተወለዱባት በጡስ አረፉ።